ወንበርህን ሳትለቅ ተናገር

ልጄ፣ የናስካር የመኪና ውድድር የመጪው ዓመት መርሐ ግብር በወጣ ቁጥር ፊትህ ቅጭም እንደሚል አያለሁ። አንዱ ሜዳ ውድድሩን ተነጥቋል፤ የሌላው ቀን ተዛውሮ ከበዓል ጋር ተጋጭቷል፤ የሦስተኛው መነሻ ሰዓት ወደ ምሽት ተገፍቶ ሰኞ ማለዳ ሥራ ለሚገባ ሰው አልመች ብሏል። ዘንድሮ ደግሞ «በቃኝ፤ ከእንግዲህ ትኬትም አልገዛ፣ ቴሌቪዥንም አልከፍት» ማለትህን ሰማሁ። ቅሬታህ ከንቱ አይደለም፤ አብዛኛው ልክ ነው። ልክ የሆነ ቅሬታም ቢሆን ግን ያለ ቦታው ከተነገረ፣ ወይም ባለቤቱ ተናግሮ ጥሎ ከሄደ፣ ማንንም አያንቀሳቅስም። ይህን ስፖርት ለብዙ ዓመታት የተከታተልሁ ሰው ነኝና ጥቂት ምክር ስማኝ። የምጠቅስልህ ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በመቆጨትህ አትፈር። ከወገኖቻችን መካከል «መኪና ዙሪያውን ሲዞር ማየት ምን ቁም ነገር አለው?» የሚሉህ አሉ። አንተ ግን ያደግኸው ሻርለት ነው። ካፕ በሚባለው የናስካር ትልቁ ውድድር ከሚሰለፉት ቡድኖች አብዛኞቹ ጋራዣቸውን የሠሩት በዚችው ከተማና በዙሪያዋ፣ በኮንኮርድና በሙርስቪል ነው። የአብሮ አደጎችህ አባቶች በእነዚህ ጋራዦች ሞተር ሲገጥሙ፣ ብረት ሲበይዱ፣ እሑድ እሑድ ጎማ ሲቀይሩ ኖረዋል። ሰው ያደገበትን አካባቢ ጨዋታ ቢወድ፣ ሲበላሽም ቢቆጭ፣ አገሩን አገሬ ማለቱ ነው። አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት ዝም ያለ ሰው የሚገባውን እንኳ እንደሚያጣ ስላዩ ነው። ስለዚህ ተናገር። ምን እንደምትናገርና ለማን እንደምትናገር ግን አስቀድመህ እወቅ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና ከሥሩ እንነሣ። ናስካር እንደ እግር ኳስ ሊግ በክለቦች ስምምነት የሚመራ አይደለም። ቢል ፍራንስ በዲሴምበር 1947 ዴይቶና ቢች በሚገኘው ስትሪምላይን ሆቴል የውድድር ሰዎችን ሰብስቦ መከረ፤ ድርጅቱ በፌብሩዋሪ 1948 በሕግ ተቋቋመ፤ ዛሬም የፍራንስ ቤተሰብ ንብረት ነው። ለአንድ ሜዳ የውድድር ቀን የሚሰጠውም፣ የሚነሣውም ናስካር ነው። ሜዳዎቹ ደግሞ በአብዛኛው የሁለት ባለቤቶች ናቸው። አንደኛው ራሱ ናስካር ነው፤ ኢንተርናሽናል ስፒድዌይ የተባለውን እህት ኩባንያ በ2019 ጠቅልሎ ስለገዛ ዴይቶና፣ ታላዴጋ፣ ዳርሊንግተንና ማርቲንስቪል የእርሱ ናቸው። ሁለተኛው የስሚዝ ቤተሰብ ኩባንያ ስፒድዌይ ሞተርስፖርትስ ነው፤ ሻርለት፣ ብሪስቶል፣ አትላንታ፣ ቴክሳስና ላስ ቬጋስ በእርሱ እጅ ናቸው። ኢንዲያናፖሊስንና ፖኮኖን የመሳሰሉ ጥቂቶች የሌላ ሰው ናቸው። ነጥብ የሚያሰጡት ውድድሮች ከ2001 ጀምሮ 36 ናቸው። ከፌብሩዋሪ እስከ ኖቬምበር ባሉት ሳምንታት ከዚህ በላይ ማስገባት አይቻልም፤ ቡድኖቹም ሰዎቻቸውም አይችሉትም። እንግዲህ ለአዲስ ሜዳ ቀን የሚገኘው ከነባር ሜዳ ተወስዶ ነው። አንዱ ከተማ ሲደሰት ሌላው ማዘኑ አይቀርም።

በዚህ ላይ ቴሌቪዥን አለ። ከ2001 በፊት የሜዳ ባለቤቶች በየግላቸው ከጣቢያዎች ጋር ይዋዋሉ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ናስካር ሁሉንም ጠቅልሎ ይሸጣል። ገንዘቡም ለረጅም ጊዜ ከመቶ 65ቱ ለሜዳ ባለቤቶች፣ 25ቱ ለቡድኖች፣ 10ሩ ለናስካር ሲከፋፈል ቆይቷል። ከ2025 እስከ 2031 የሚዘልቀው ውል 7.7 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን ፎክስ፣ ኤንቢሲ፣ አማዞን ፕራይምና ቲኤንቲ ወቅቱን ተካፍለው ያስተላልፋሉ። ይህን የምነግርህ አንድ ነገር እንድታስተውል ነው። በድሮው ዘመን የሜዳው ባለቤት ኑሮው በትኬት ነበር፤ ሰው ሲቀርበት በዚያው ዓመት ይሰማው ነበር። ዛሬ ግን ግማሹ ወንበር ባዶ ቢውልም ከቴሌቪዥን የሚመጣው ገንዘብ ይደርሰዋል። «አልሄድም፤ ያኔ ይማሩታል» የሚለው ቁጣ እንደ ድሮው አይቆረቁርም። ባዶ ወንበር ለምን ባዶ እንደ ሆነ አይናገርም፤ ቀኑን ሊወስድ ላሰበ ሰው «ይኸው፣ ሕዝቡም አይመጣም» የሚያሰኝ ማስረጃ ይሆነዋል እንጂ።

የመነሻ ሰዓት ነገር እኔንም ያንገበግበኛል። ቀድሞ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ይጀመር የነበረ ውድድር 9 ሰዓት ወይም 9 ሰዓት ተኩል መሆኑ የተለመደ ሆኗል። ምክንያቱ ተሰውሮ አይደለም፤ ቀኑ ወደ ምሽት በቀረበ መጠን ቴሌቪዥን የሚከፍተው ሰው ይበዛል፤ ካሊፎርኒያ ላለውም ሰዓቱ ገና ቀትር ነው። ከቅዳሴ ተመልሶ፣ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ቆርሶ ለመነሻው የሚደርስ ወገንህም አለ። ስለዚህ «ሰዓቱ ለማንም አይመችም» አትበል፤ ሐሰት ይሆንብሃል፤ በአንድ ሐሰት ደግሞ ዘጠኝ እውነትህ ይጣላል። እውነተኛው ክርክር ከዝናቡ ጋር ነው ያለው። በትልልቆቹ ሞላላ ሜዳዎች የሚነዳበት ጎማ ፊቱ ልሙጥ ነው፤ ውሃ የሚያወጣበት ቦይ የለውም። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር መኪና ያዘመመ ጥምዝ ላይ እርጥብ አስፋልት ካገኘ የሚይዘው የለም። ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ሁሉም ይቆማል፤ ትኩስ አየር የሚነፉ መኪኖች ሜዳውን እየዞሩ እስኪያደርቁት ይጠበቃል። ዴይቶናን ለሚያህል 2.5 ማይል ሜዳ ይህ ሰዓታት ይፈጃል። ውድድሩ ቀደም ብሎ ቢጀመር እስኪመሽ በቂ ጊዜ ይተርፋል፤ ዘግይቶ ሲጀመር ግን አንድ ዝናብ ወደ ሰኞ ይገፋዋል። ታላዴጋማ የሜዳ መብራት እንኳ የለውም። የ2020 የዴይቶና 500 ውድድር እሑድ ተጀምሮ ሰኞ አለቀ፤ የ2024ቱ ጨርሶ ወደ ሰኞ ተዛወረ። የሆቴሉን፣ የቤንዚኑን፣ የቀረውን የሥራ ቀን የሚከፍለው ተመልካቹ ነው። በ2025 ግን ዝናብ ሲያሰጋ የዴይቶና 500ን መነሻ በአንድ ሰዓት ቀደም አደረጉት። ዝናቡ አልቀረም፤ ውድድሩ ግን በዚያው ሌሊት ተጠናቀቀ። እንግዲህ ሰዓቱን ማንቀሳቀስ የማይቻል ነገር አይደለም። ቅሬታህን ስታቀርብ ይህን ጥቀስ፤ «መነሻውን ለዝናብ ጊዜ በሚተርፍ ሰዓት አድርጉት» በል። እንዲህ ያለው ቃል መልስ የሚሻ ነው።

አሁን ወደ ሜዳዎቹ እንሂድ። የውድድር ቀን እንዴት እንደሚሄድና እንዴት እንደሚመለስ ማወቅ የምትሻ ከሆነ ዳርሊንግተንን ተመልከት፤ ከቤትህ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሃሮልድ ብራሲንግተን የተባለ ሰው በደቡብ ካሮላይና የእርሻ መሬት ላይ ሜዳ ሊሠራ ሲነሣ፣ መሬቱን የሰጠው ሰው አንድ ቃል አስገባው፤ ዳር ላይ ያለችው ትናንሽ ዓሣ የሚረባባት ኩሬ እንዳትነካ። ብራሲንግተን ቃሉን ጠበቀ። በኩሬዋ በኩል ያለውን ጥምዝ አጠበበው፤ ሜዳውም አንድ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ የሆነ እንቁላል መሰለ። አሽከርካሪው መኪናውን ለአንዱ ጫፍ ቢያመቻች ለሌላው አይሆንለትም፤ በፍጥነት ልሂድ ያለ እንደሆነ ከጥምዙ ሲወጣ ቀኝ ጎኑን ግድግዳው ይልጠዋል። እዚያ ቀለሙ ሳይላጥ የሚውል መኪና ጥቂት ነው። በሴፕቴምበር 4 ቀን 1950፣ በአሜሪካ የሠራተኞች በዓል በሌበር ዴይ፣ 75 መኪኖች ተሰልፈው የመጀመሪያው ሳዘርን 500 ተካሄደ፤ ጆኒ ማንትዝ ከ6 ሰዓት በላይ ነድቶ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ለደቡብ ሰው ሌበር ዴይና ዳርሊንግተን የማይነጣጠሉ ሆኑ።

በ2004 ግን ያ ቀን ሎስ አንጀለስ አጠገብ ወደነበረው የፎንታና ሜዳ ተወሰደ። ታሳቢው ግልጽ ነበር፤ ትልቅ ከተማ፣ ትልቅ ገበያ። ሳዘርን 500 በዚያ ዓመት ወደ ኖቬምበር ተገፋ፤ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ሜዳው በዓመት ከሚያካሂዳቸው ሁለት ውድድሮች አንዱ ጨርሶ ተወስዶ፣ የቀረችው አንዷ የእናቶች ቀን ዋዜማ ላይ ዋለች። የዳርሊንግተን ሰው አዘነ፤ በአዲሱ ቀን መምጣቱን ግን አልተወም። ፎንታና ሌበር ዴይን ይዞ መቆየት አልቻለም፤ በ2009 ቀኑ ወደ አትላንታ ተዛወረ፤ በ2015 ወደ ዳርሊንግተን ተመለሰ። ያን ዓመት ቡድኖቹ መኪኖቻቸውን በድሮ አሽከርካሪዎች ቀለም ቀብተው መጡ፤ ካርል ኤድዋርድስ አሸነፈ። ቀኑን የወሰደው ፎንታና በፌብሩዋሪ 2023 የመጨረሻ ውድድሩን አካሂዶ ፈርሷል።

በፎንታና ላይ ግን ደስ እንዳይልህ። ያ ሜዳ በጀመረበት ዘመን «አሰልቺ ነው» ተብሎ ስሙ ጠፍቶ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ አስፋልቱ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ሻከረ፤ ጎማ መብላት ጀመረ፤ አሽከርካሪዎቹ መያዣ ፍለጋ በአራትና በአምስት ረድፍ መበተን ያዙ። ውድድሩም አማረ። ሲዘጋ እነዚያው ሲያሙት የነበሩ ሰዎች አዘኑለት። ሜዳ እንደ ሰው ዕድሜ አለው፤ በወጣትነቱ የሰጠኸው ፍርድ በሽምግልናው ላይሠራ ይችላል።

ይህ ወደ ዋናው ምክሬ ያደርሰኛል፦ ሜዳውን ከመውቀስህ በፊት መኪናውንና ጎማውን ጠይቅ። በ1990ዎቹና በ2001 አካባቢ የተሠሩት የአንድ ማይል ተኩል ሜዳዎች፣ ማለትም ቴክሳስ፣ ላስ ቬጋስ፣ ካንሳስና ቺካጎላንድ፣ በአንድ ቅርጽ የተጋገሩ እየተባሉ ሃያ ዓመት ተወቅሰዋል። ደጋፊው ሁሉ «አጫጭር ሜዳ ስጡን» ሲል ኖረ። በ2022 አዲሱ መኪና መጣ። ጎማው ሰፋ፤ ፍሬኑ ተለቀ፤ ማርሹ አምስት ሆነ። በማይል ተኩሎቹ ሜዳዎች ውድድሩ ተሻሻለ፤ በአጫጭሮቹ ግን የፊተኛውን ማለፍ ጭንቅ ሆነ፤ አሽከርካሪው ቢሳሳት እንኳ ማርሽ ቀይሮ ስሕተቱን ይሸፍናልና። በሜይ 2024 ካንሳስ ላይ ካይል ላርሰን ክሪስ ቡሸርን በ0.001 ሰከንድ ቀደመው፤ በካፕ ታሪክ ከዚያ የቀረበ ፍጻሜ የለም። ያ የሆነው ሲታማ በኖረው ዓይነት ሜዳ ነው።

ብሪስቶልን ደግሞ ተመልከት። ግማሽ ማይል የምታህል፣ ወለሏ ኮንክሪት የሆነ፣ ዙሪያዋን በወንበር የታጠረች ሜዳ ናት። በማርች 2024 ጎማው ባልተጠበቀ ፍጥነት ያልቅ ጀመር፤ የበረረው ሁሉ ጎማው እየተበላበት ወደ ኋላ ቀረ፤ የቆጠበው ወደፊት ወጣ፤ መሪው 54 ጊዜ ተቀያየረ፤ በመጨረሻ ዴኒ ሃምሊን አሸነፈ። በሴፕቴምበር እዚያው ሜዳ ተመለሱ፤ ጎማው ያን ጊዜ አላለቀም፤ ላርሰን ከ500 ዙር 462ቱን መራ። ሜዳዋ ያችው ናት፤ ባለቤቱም ያው ነው፤ መርሐ ግብሩም አልተነካም። የተለወጠው ጎማው መንገዱን የያዘበት ሁኔታ ነው። በሴፕቴምበሩ ማግሥት «ብሪስቶልን ከመርሐ ግብሩ አውጡልን» ብለህ ቢሆን ኖሮ ያለ ጥፋቷ ትፈርድባት ነበር።

ነገሩን ለይተው የተናገሩ ሰዎች ምን እንዳገኙ ደግሞ ልንገርህ። አሽከርካሪዎች ለብዙ ጊዜ «ለአጫጭር ሜዳዎች የሞተሩን ጉልበት ጨምሩ» ብለው ወተወቱ። 670 የነበረው የፈረስ ጉልበት ከአንድ ማይል ተኩል በሚያንሱ ሜዳዎች ለ2026 ወደ 750 ከፍ እንዲል ተወሰነ። ውድድሩን ያሳምረው አያሳምረው ጊዜ ያሳየናል። ግን ተሰሙ፤ ምክንያቱም የጠየቁት ነገር ቁጥርና መልክ ነበረው። «ስፖርቱ ሞቷል» የሚል ሰው የሚጠይቀው ምንም ስለሌለ ማንም የሚመልስለት የለም።

አዲስ ነገር ሲመጣም ሁሉን በአንድ ጅራፍ አትግረፍ። ቺካጎ መሐል ከተማ ላይ በጁላይ 2023 በዝናብ የተደረገው የጎዳና ውድድር ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር፤ እዚያው አካባቢ ያለው የቺካጎላንድ ሜዳ ከ2019 ወዲህ ያለ ካፕ ውድድር ተቀምጦ ነበርና። ቁጣው ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ከኒውዚላንድ የመጣው ሼን ቫን ጊስበርገን በመጀመሪያው የካፕ ውድድሩ ሲያሸንፍ ከቤታቸው በእግር መጥተው ያዩት የከተማ ልጆች ነበሩ። የደቡብን ሜዳ ማየት የማይችል ልጅ በየት በኩል ይግባ? ዳርሊንግተንም በ1950 አዲስ ነገር ነበር፤ ከዚያ በፊት ሰው የለመደው የአፈር ሜዳና የባሕር ዳር አሸዋ ነው። አሁን ደግሞ ለ2026 ቺካጎላንድ ወደ መርሐ ግብሩ ተመልሷል።

ጥድፊያን ግን ንቀፍ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው እንዲህ ላለው ነው። የብሪስቶልን ኮንክሪት ከ2021 እስከ 2023 በአፈር ሸፍነው ካፕ ነዱበት፤ በኋለኞቹ ሁለት ዓመታትም በፈረንጆች ፋሲካ ዕለት አዋሉት፤ ለእኛ ያ ቀን ሆሳዕና ነበር። በ2024 አፈሩ ቀረ። ኢንዲያናፖሊስ ላይ ከ1994 ጀምሮ ይካሄድ የነበረውን የሞላላውን ሜዳ ውድድር በ2021 ትተው በውስጡ ባለው ግራና ቀኝ በሚጠማዘዘው መንገድ ተኩት፤ በ2024 ወደ ሞላላው ተመለሱ። ሁለቱም የተመለሱት ሰው ስለተናገረና ሲናገርም እያየ ስለነበረ ነው።

መመለስ ስል ኖርዝ ዊልክስቦሮን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሜዳው በ1947 የተከፈተ፣ በኮረብታ ላይ የተሠራ ነው፤ በመነሻው በኩል መኪናው ቁልቁል ይወርዳል፣ በማዶው በኩል ሽቅብ ይወጣል። መሥራቹ ኢኖክ ስቴይሊ በ1995 ካረፈ በኋላ ሜዳው ተሸጠ፤ ሁለት ባለሀብቶች እኩል እኩል ያዙት፤ የፈለጉት ግን ሜዳውን ሳይሆን ቀኖቹን ነበር። በሴፕቴምበር 1996 ጄፍ ጎርደን የመጨረሻውን ካፕ አሸነፈ፤ አንዱ ቀን ወደ ቴክሳስ፣ አንዱ ወደ ኒው ሃምፕሻየር ሄደ። አስፋልቱን ሣር በላው። የአካባቢው ሰዎች ግን ሜዳው እንዲታወስ መጎትጎታቸውን አላቆሙም። በ2019 ዴል ኧርንሃርት ጁኒየር ሰዎች አስተባብሮ ሜዳውን ጠረገ፤ ሣሩን ነቅለው፣ ፍርስራሹን አንሥተው፣ ለኮምፒውተር ውድድር ቅርጹ እንዲቀዳ አደረጉ። ቀጥሎ የሰሜን ካሮላይና መንግሥት ለማደሻ ገንዘብ መደበ። ባለቤቱ ማርከስ ስሚዝም እጁን አስገባ። በኦገስት 2022 የአካባቢ ተወዳዳሪዎች ነዱበት፤ በሜይ 2023 የከዋክብቱ ውድድር እዚያ ተካሄደ፤ ለ2026 ደግሞ ነጥብ የሚያሰጥ የካፕ ውድድር ተመደበለት፤ ከ30 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የሮኪንግሃም ሜዳም በ2004 ካፕን አጥቶ፣ በኤፕሪል 2025 በሁለተኛውና በሦስተኛው ደረጃ ውድድሮች ተመልሷል።

እንባ ብቻውን እንዳልመለሳቸው አስተውል። ገንዘብ ነበረ፤ ስሙ የሚሰማ ሰው ነበረ፤ የባለቤቱ ፈቃድ ነበረ። ሆኖም እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ የሚመለሱበት ነገር ያገኙት ከቦታው ያልራቀ ሰው ስለቆያቸው ነው። የማይመለስም አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የነበረው የሪቨርሳይድ ሜዳ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተዘግቶ የገበያ ማዕከል ተሠርቶበታል። ሁሉ ይመለሳል ብዬ አልሸነግልህም።

ስለዚህ የምታደርገውን ልንገርህ። በመጀመሪያ፣ ቅርብህ ያለውን ሜዳ ልመድ። ዊንስተን ሳሌም ውስጥ ቦውማን ግሬይ አለ፤ በአሜሪካ እግር ኳስ ሜዳ ዙሪያ የሚሄድ ሩብ ማይል አስፋልት ነው። ከ1949 ጀምሮ በወቅቱ ቅዳሜ ማታ ውድድር አለ። ትልቁ ካፕ በ1971 ለመጨረሻ ጊዜ ነድቶበት ሄደ፤ የሰፈሩ ሰው ግን ቅዳሜውን አልተወም። ትልቁ ካፕ ለሦስት ዓመት የወቅት መክፈቻውን ሎስ አንጀለስ ስታዲየም ውስጥ ሲያካሂድ ቆይቶ በፌብሩዋሪ 2025 ወደዚህ አመጣው፤ የተቀበለውም ቅዳሜውን ያልተወው ሕዝብ ነው። እዚያ ቁጭ ብለህ ተመልከት፤ የጎማውን ሽታ ታሸታለህ፤ የቤተሰቦችን ጠብና እርቅ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከአያቱ እኩያ ጋር ሲጋፋ ታያለህ። ስለ ስፖርቱ የምትናገረው ቃል ከዚያ በኋላ ክብደት ይኖረዋል።

ሁለተኛ፣ ወደ ትልቁ ውድድር ስትሄድ አቅምህን አትጉዳ። ማርቲንስቪል በሆት ዶጉ የታወቀ ነው፤ የፀደዩ ውድድር ግን ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃል። አብዛኞቹ ሜዳዎች ትንሽ የጨርቅ ማቀዝቀዣ ቦርሳ ይዞ መግባት ይፈቅዳሉ፤ መጠኑን አስቀድመህ አረጋግጥና እናትህ የጠቀለለችልህን የጾም ፍትፍት ይዘህ ግባ። የቆመጠጠ ልብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአቅም በላይ አውጥቶ በዝናብ ከተመለሰ ኪስ ነው። በዓመት አንድ ትልቅ ውድድርና ብዙ ትንንሽ ቅዳሜዎች ይበቁሃል።

ሦስተኛ፣ ስትናገር ለሚመለከተው ተናገር። ቀኑ ከተነሣ ለናስካርና ለሜዳው ባለቤት፤ ሰዓቱ ካልተመቸ ለናስካርና ለጣቢያው፤ ማለፍ ካልተቻለ ስለ መኪናውና ስለ ጎማው። የመንግሥት ገንዘብ የተሰጠው ሜዳ ከሆነ ለምክር ቤት ተወካይህም ደብዳቤ መጻፍ ትችላለህ፤ የኖርዝ ዊልክስቦሮ ሜዳ የታደሰው በግብር ከፋዩም ገንዘብ ነው፤ አባትህም አንተም ግብር ከፋዮች ናችሁ። አሽከርካሪዎቹን ግን አትስደብ። መርሐ ግብሩን አላወጡትም፤ በ36ቱም ሳምንት ቤታቸውን ትተው የሚሄዱት እነርሱው ናቸው።

የሚመጣው ዓመት መርሐ ግብር ሲወጣ ሦስት ነገር ጠይቅ። ይህ ቀን ከማን ተወስዶ ለማን ተሰጠ? የከፋኝ ሜዳው ነው፣ መኪናው ነው ወይስ ሰዓቱ? እኔስ ባለፈው ዓመት እዚያ ተገኝቻለሁ ወይ? ሦስቱን ከመለስህ በኋላ የቀረው ቅሬታ እውነተኛው ነው፤ እርሱን ይዘህ ጻፍ፣ ፈርመህ ላክ፤ መልስ ካልመጣም ደግመህ ላክ። በመጪው ቅዳሜም ታናሽ እህትህን ይዘህ ቦውማን ግሬይ ሂድ፤ የሚያስቆጣህን ሳይሆን የሚያስወድድህን አስቀድመህ አሳያት።